ኢላላን ጨው ያቀመስኩ ለት

ሐኪሙ ጨው ከልክሎኛል። አንቺም እናትሽም ይህን ሰምታችሁ በመጣችሁ ቁጥር ወጡን እንደ ውኃ አድርጋችሁ ታቀርቡልኛላችሁ፤ እኔም አመስግኜ እበላለሁ። ነገር ግን ከልብስ ሣጥኔ ሥር፣ በአሮጌ ነጭ ሻሽ የተቋጠረች አንዲት የአሞሌ ጨው ስባሪ አለችኝ። ዛሬ ልብሴን ለነገው መንገድ ስታጣጥፊ አገኘሻትና «እማማ፣ ይቺ ድንጋይ ምንድን ናት?» አልሽኝ። ድንጋይ አይደለችም፣ ልጄ። ምላስሽ ላይ አድርጊያትና ዓይንሽን ጨፍኚ። መጀመሪያ ታቃጥላለች፣ ቀጥሎ መረር ትላለች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የዝናብ አቧራ የሚመስል ጣዕም ትታ ትሄዳለች። እኔ አልፎ አልፎ በምላሴ ጫፍ ነካ አድርጌ መልሼ እቋጥራታለሁ። ለሐኪሙ እንዳትነግሪ።

ያ ጣዕም ሲመጣ የድሮው ግቢያችን አብሮ ይመጣል። አባቴ ከወሎ ለንግድ መጥቶ መቀሌ ላይ የቀረ የጨው ነጋዴ ነበር። ከአፋር በረሃ ጨው የጫኑ ግመሎች ከሰዓት በኋላ እየተጎተቱ ገብተው ግቢያችን ውስጥ ይንበረከካሉ፤ የላባቸው፣ የገመዱና የጨው ብናኙ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ጉሮሮ ይከረክራል። አሞሌው በግንቡ ጥግ ይደረደራል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሌላው ሁሉ ሲደበዝዝ ያ ክምር ብቻ ነጥቶ ይቆይ ነበር። ጭነት ሲራገፍ መሬት የሚወድቀው ስብርባሪ የነጋዴውም የግመል ነጂውም አይደለም፤ ቀድሞ ያነሣው ሰው ነው። በእኛ ግቢ ወጉ እንደዚያ ነበር። እኔና የሰፈሩ ልጆች ከግመሎቹ እግር ሥር እየተሽሎከሎክን እንለቅማለን። ይህን የለቀማ ነገር ያዢልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አክስቴ የመጣችው ጣሊያን በወጣ ማግሥት ነው። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ገና በኮረዳነቷ ምጽዋ ወርዳ እዚያው አግብታ ቀርታ ነበር። በጭነት መኪና፣ ከጆንያ ላይ ተቀምጣ መጣች። ስትወርድ ፊቷ በአቧራ ተለቅልቆ ዓይኖቿ ብቻ ይታዩ ነበር፤ በእጇ ከያዘቻት የሰሌን ዘንቢል በቀር ሌላ ዕቃ አልነበራትም። እኔን ስታቅፈኝ ሻሿ የማላውቀውን ነገር ሸተተኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ባሕር ነው» አለችኝ። እንዳልታጠበው ተመኘሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሄደችበት እየሄድኩ፣ የተቀመጠችበት እየተቀመጥኩ፣ እናቴ «ጅራቷ» እስክትለኝ ድረስ ተከተልኳት።

ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሳንቡክ የሚሏት ባለ ሸራ ጀልባ ነበረችው። ጦርነቱ ምጽዋ በደረሰበት ሰሞን አንድ ማለዳ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሬሳው አልተገኘም፣ ጀልባዋ አልተገኘችም፣ አየሁት የሚል ሰውም አልተገኘም። ወደቡ ሲደበደብ ጎረቤቶቿ እያለቀሰች ጎትተው ከከተማው አወጧት።

አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ያልተቋጨ ነገር አይወድም። በመጣች በወሩ ገደማ ቁርስ ላይ «እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ፤ ከእንግዲህ ዒዳሽን ተቀመጪ» አላት። ዒዳ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት የምትቀመጥበት የሐዘን ጊዜ ነው፤ እሱ ሲያበቃ ማግባት ትችላለች። አክስቴ እንጀራዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«የሞተውን አሳየኝና ልቀመጥለት።»

«የምጽዋን ሙት ሁሉ ማን ቆጥሮት? ቃዲውን ጠይቄያለሁ፤ ይቻላል ብለዋል።»

«ቃዲው ባሌን አያውቁትም» አለችና ተነሥታ ወጣች። አባቴ ለእሷ ያሰበው ባል ደግሞ ኩሓ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት የጨው ነጋዴ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እፎይ ባልን፤ ችግሩ ሰውየው መልካም ሰው መሆኑ ነው።

አክስቴ ዒዳዋን አልተቀመጠችም፤ ሳቅም ጨዋታም ግን አልነበራትም። ሥራዋን ትሠራለች፣ ይመሻል። ወደ ምሽት ላይ በሳፋ ውኃ ቀድታ እግሯን ትነክርና ግንቡን እያየች ትቀመጣለች። እናቴ በበሩ ስታልፍ ራሷን እየነቀነቀች «ያባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ትላለች። ወደ አስመራ የሚሄድ መኪና ሲያጓራ በተሰማ ቁጥር ደግሞ አክስቴ እግሯን ከሳፋው አውጥታ፣ ሳታደርቀው፣ ደጅ ድረስ ትሄዳለች። የእግሯ ዱካ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። እኔ ያን ዱካ ሳይ እፈራ ነበር። አንድ ቀን ዱካው ደጅ ደርሶ እንደማይመለስ ገባኝ።

ወንዝ ይዘናት እንዳንሄድ ወንዙ ለእሷ አልሆነም። ያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ መቀሌ በሙሉ ኢላላ ላይ ነበር የሚውለው። ልብስ አጣቢው፣ በቅሎ አጣቢው፣ ገላውን የሚታጠበው፣ ሰው ለማየት ብቻ የሚመጣው፣ ሁሉም እዚያ ነው። በሣሩ ላይ የተሰጣው ነጠላ ዓይን ይወጋል፤ ልብስ በድንጋይ ላይ ሲደበደብ ድምፁ ከማዶው ገደል ተመልሶ ይመጣል። አክስቴ አንድ ጊዜ አብራን ሄደች። ገና ልብሷን ሳትነክር አንዲት ጎረቤታችን ከወዲያ ሆና «ሓፍተይ፣ ባልሽ ተገኘ ወይ?» ብላ ጮኸች። በክፋት አልነበረም፣ የሰላምታ ያህል ነበር። ግን አጣቢው ሁሉ እጁን አቁሞ መልሷን ጠበቀ። አክስቴ ልብሷን ሳታጥብ ሰብስባ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ወንዝ አልወረደችም።

በዚያ ሰሞን ነው ስለ ምጽዋ የነገረችኝ። ጸጉሬን እየሠራችልኝ ነበር፤ ፊቷን አላይም፣ ድምፅዋ ብቻ ከላዬ ይመጣል።

«ጣሊያኖቹ የሚዋኙበት ሰፊ ዳርቻ ነበር። እሑድ እሑድ ከአስመራ ሳይቀር በባቡር ይወርዳሉ፤ ጃንጥላ አሸዋው ላይ ተክለው፣ ሙዚቃ ከፍተው ይውላሉ። እኔ ፎጣቸውን አጥብ ነበር። ፎጣቸውን ማጠብ ይፈቀዳል፤ ከውኃው መግባት ግን ለእኛ ክልክል ነው። ባሌ ታዲያ ‹ባሕሩን ማን አጠረው?› ይልና ለኔ የሚሆን ዳርቻ ፍለጋ ይዞራል።»

«አገኘ?»

«ራስሽን አታዙሪ። አገኘ። አንድ ቀን በጀልባ ወሰደኝ። ሥሮቻቸው ውኃ ውስጥ የቆሙ ዛፎች አሉ፤ ከነሱ ጀርባ ነጠላ የምታህል አሸዋ ነበረች። ሰው የለ፣ ሙዚቃ የለ። ውኃው አሸዋውን እንደ ድመት ይልሰው ነበር።»

እንዴት እንዳገኘው ስጠይቃት እየሣቀ የነገራትን ነገረችኝ። ሰው ከጥላ አይርቅም፤ ስለዚህ ጥላ ያለበትን እለፊው። ሰው ለእግሩ ይሳሳል፤ ስለዚህ መንገዱ ሲቆረቁርሽ ደስ ይበልሽ። ሰው ሲጮኽ የሚሰማሽ ከሆነ ደግሞ ገና አልደረስሽም። «ባዶ ዳርቻ ማግኘትስ ቀላል ነው» ይላት ነበር፤ «ከባዱ ባዶ እንደሆነ ማቆየቱ ነው።»

እኔም በልቤ ወሰንኩ። እሷ ወደ ዳርቻዋ እንዳትሄድብኝ ዳርቻ እኔ አገኝላታለሁ።

መስከረም ላይ፣ ዝናቡ እንዳቆመ፣ ቅጠል ልልቀም ብዬ ወጣሁ። በአጣቢዎቹ ጀርባ አልፌ ወንዙን ሽቅብ ያዝኩ። ትልቁ ሾላ ሥር ሰዎች ተኝተዋል፤ ጥላ ነውና አለፍኩት። ከሾላው ወዲያ በለስ መንገዱን ዘግቶታል፤ እሾሁ ቀሚሴን እየያዘ እግሬን እየቦጫጨረ ደስ እያለኝ አለፍኩ። ከዚያ ነጭ ድንጋይ እንደ ደረጃ ተነባብሮ ወንዙን ያጥፈዋል። ቆም ብዬ አዳመጥኩ። የልብሱ ድብደባ አሁንም ይሰማል፣ በጣም ርቆ። እንደገና ሄድኩ። መታጠፊያውን ስጨርስ ድምፁ በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ በር የዘጉብኝ መሰለኝ።

እዚያ ነበረች። ክረምቱ ሲሞላ ያመጣው አሸዋ ከድንጋዩ ሥር ተኝቷል፤ ግራጫ፣ ደቃቅ፣ ማንም ያልረገጠው። ወንዙ ከማዶ ያልፋል፤ አሸዋው ያቋረጣት አንዲት ኩሬ ደግሞ በዚህ በኩል ጸጥ ብላለች። የአደይ አበባው ቢጫ ውኃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። አሁን ዓይኔ ደክሞ ፊትሽን እንኳ ለመለየት ስቸገር፣ ያቺን ኩሬ ግን ጠጠሯን ሳይቀር አያታለሁ።

አክስቴን የወሰድኳት ዓርብ ነው፤ አባቴ መስጊድ ሲሄድ። በለሱ ጋ ስንደርስ «ወዴት ነው የምትወስጂኝ? ቆረቆረኝ እኮ» አለች። «ደስ ይበልሽ፣ እትዬ» አልኳት። ቆማ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም።

ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች፤ አሸዋው ላይ ተቀመጠችና እግሯን ኩሬው ውስጥ ከተተች። ንብ ትሰማለች፣ ከማዶ ዋኖስ ታንጎራጉራለች፤ ብርሃኑ ከውኃው ተነሥቶ አገጯ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ «ትመስላለች» አለች። «ባሕር ትመስላለች፤ አሳነሷት እንጂ።» ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ስታንጎራጉር ሰማኋት። እናቴም ሰማች፤ ምን እንዳገኘች በዓይኗ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም።

ጥቅምትን እንደዚያ አሳለፍነው። አጥበንም፣ ታጥበንም፣ በቆሎ ጠብሰን ይዘን ሄደንም፣ ዝም ብለን ተኝተንም። መኪና ሲያጓራ አክስቴ ደጅ መውጣቷን ተወች። እኔ በሆዴ አሸነፍኩ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኝ ነበር። አክስቴ ሁልጊዜ ከኩሬዋ በእፍኟ ቀድታ ከንፈሯን ታስነካና ፈገግ ትላለች፤ ያች ፈገግታ ጎደሎ ነበረች። ሲገባኝ ጊዜ ሳቅሁ። የጨው ነጋዴ ልጅ ሆኜ!

ከዚያ የምለቅመውን ስብርባሪ ለማንም አልሰጠሁም። ግመል በገባ ቁጥር ከሁሉ ቀድሜ እዘላለሁ፤ የለቀምኩትን ከእንጨቱ ክምር ኋላ አጠራቅማለሁ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በዘንቢል ተሸክሜ፣ እየተንገዳገድኩ ወስጄ ኩሬዋ ውስጥ ገለበጥኩት። በእንጨት አማሰልኩ። ቀመስኩ። አንገፈገፈኝ፤ ደስም አለኝ። የተረፈው ብናኝ አሸዋው ላይ ተበተነ፣ እሱን ማን ያስበዋል።

በማግሥቱ አክስቴን ዓይኗን አስጨፍኜ በእፍኜ አቀመስኳት።

ፊቷ ላይ የሆነውን እንዴት ልንገርሽ። መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ራሷ ጎንበስ ብላ ቀዳች፤ ጠጣች ማለት ይቻላል። ፊቷን አጠበች፤ ውኃው በአንገቷ ወረደ። እያለቀሰች እንደሆነ ያወቅሁት ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጅ» እያለች ጉያዋ ውስጥ ከተተችኝ። ለማንም ነግራው የማታውቀውንም ያኔ ነገረችኝ። ባሏ ከዓሣ ሲመለስ ወደ ወደቡ በቀጥታ አይገባም ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ ወደዚያች ነጠላ ወደምታህል አሸዋ ይመጣል፤ እሷም ነጭ ሻሿን እያውለበለበች ትቀበለዋለች። ከሁለቱ በቀር ቦታዋን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ቢመጣ እዚያ ነው የሚመጣው» አለች፣ ውኃውን እያየች። «ሰው የማያውቀው ዳርቻ ላይ ሲደርስ ግን ማን ያየዋል?»

እሷን በማቀፍ ብዛት መልስ የሰጠሁ መሰለኝ።

አንድ ቀን ቀርተን በማግሥቱ ወደ ኩሬዋ ስንመለስ፣ ከነጭ ድንጋዩ ሳንደርስ ጩኸት ሰማን። አክስቴ ቆመች። «መንገድ ስተናል» አለች፤ አልሳትንም። መታጠፊያውን ስናልፍ ዳርቻችን አልታይ አለን። ላም፣ ፍየል፣ አህያ፣ በቅሎ፤ በጎች በመካከል እየተጋፉ አሸዋውን ይልሳሉ። ወይፈኖች ኩሬው ላይ ይዋጋሉ። ከብቶቹን የተከተለው ሰው ደግሞ ከከብቶቹ አይተናነስም። አንዲት ሴት በቅል እየቀዳች ለሆድ ቁርጠት ነው ትላለች፣ ሌላዋ የልጇን ራስ ታጥባለች። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን አግድም ይዘው ተራ ያስከብራሉ።

«ጓለይ፣ ቀስ! መጀመሪያ ላሞቹ፣ ከዚያ ፍየሎቹ ናቸው» አሉን።

«አባቴ፣ ምን ተገኘ?» አለች አክስቴ።

«ሆራ! ሆራ ፈልቋል!» አሉ። ከብት የሚወደው ጨዋማ ምንጭ ማለታቸው ነው። «እዚህ ወንዝ ዳር ነው ያረጀሁት፣ ጨው የሚባል አልነበረበትም። የኔ ላም ናት ያገኘችው። ከመንጋው ጠፋችብኝ፣ ስፈልጋት እዚህ አሸዋ ስትልስ አገኘኋት። ይገርም እዩ! ፈጣሪ ሲሰጥ እንዲህ ነው።»

አክስቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዓይኔን የማደርግበት አጣሁ። ያኔ ሳቅ ያዛት። የሰው ሳቅ እንደዚያ ሲፈነዳ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም፤ ጎኗን ይዛ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሽማግሌው ተቀየሙ።

«እንታይ እዩ የሚያስቅሽ? የእግዜር ሥራ ያስቃል?»

«አያስቅም፣ አባቴ፤ ደስ ብሎኝ ነው» አለች እንባዋን በሻሿ እየጠረገች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሆዴን እስኪያመኝ ድረስ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ያኔ ገና አልሰማሁም ነበር።

በለሱ ጋ ስንደርስ ሳቋ አለቀ። ቆም ብላ ወደ ኋላ አየች። ጩኸቱ እዚህም ይሰማ ነበር።

«አንድ ቀን ብንቀር ተወሰደች» አለች። ቀጥላ ለኔ ሳይሆን ለራሷ በሚመስል ድምፅ «የኔን ማን እየጠበቃት ይሆን?» አለች።

በዚያ ምሽት ስለ መሄዷ ከአባቴ ጋር ሲነጋገሩ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። «ሰው ከብት ይጠብቃል፣ ማሳ ይጠብቃል» አለ አባቴ፤ «አሸዋ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም፤ ወላሂ አላየሁም።» አክስቴ ድምፅዋን አላነሣችም። «አንተ ዝናብ ሲያጉረመርም ጨውህን ልታለብስ እንቅልፍህን ጥለህ ትወጣ የለም ወይ? እንዳይሟሟብህ። እኔም ያው ነኝ። እዚህ ተቀምጬ ሞተ ስትሉኝ በየቀኑ እየሟሟብኝ ነው።» አባቴ «ከጆንያ ላይማ አትሄጂም፤ ጋቢና እለምንልሻለሁ» ሲል ሰማሁ። እኔ የመጋረጃውን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። እንደ አክስቴ የወደድኩት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረኝም፤ ከዚያም ወዲያ ጥቂት ነው።

መኪናው የቆመው ማለዳ ላይ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ጥሩንባ ይነፋል። አባቴ አንድ ሙሉ አሞሌ በጨርቅ ጠቅልሎ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተላት፤ ወደ ባሕር ለሚሄድ ሰው ጨው ሲሰጥ እሱም ገረመው መሰለኝ ፊቱን አዞረ። አክስቴ ከጋቢናው ወርዳ እንደገና አቀፈችኝ።

«ስመጣ መጀመሪያ ቤት አልመጣም፤ አባትሽ ዒዳ ተቀመጪ ይለኛል» አለችኝ በጆሮዬ፤ ልታስቀኝ ፈልጋ ነው። «መጀመሪያ ኢላላ ዳርቻችን ላይ ነው የምመጣው። እዚያ ጠብቂኝ።»

ሻሿን ከራሷ ፈታች። እጄ ላይ ጠመጠመችልኝ።

«ለሱ ምን ታውለበልቢለታለሽ?» አልኳት።

«እሱ ፊቴን ያውቀዋል። አንቺ ግን ታድጊያለሽ፤ ትለወጪብኛለሽ። እንዳላጣሽ ይህን አውለብልቢልኝ።»

ሆራው ብዙ አልቆየም። ወንዙ ትንሽ ሞላ ሲል ኩሬዋን አጠባትና ከብቶቹ አሽትተው ይመለሱ ጀመር። ሽማግሌው አንዲት ሴት በሳሙና አርክሳው ነው ሆራው የተቀየመው ብለው እስኪሞቱ ድረስ አወሩ። ዳርቻዋም ባዶ ሆነች። እኔ ብቻዬን እሄድ ጀመር።

አክስቴ አልመጣችም። ወሬም አልመጣም። ወደ ምጽዋ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ እየለመንኩ እንዲጠይቅልኝ አደርግ ነበር። አንዱ ብቻ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ሥሮቻቸው ውኃ ውስጥ በቆሙ ዛፎች አጠገብ ሲያልፍ አንዲት ሴት ራሷን ሳትሸፍን ቆማ ባሕሩን ስታይ አየሁ አለኝ። እሷ ትሁን አትሁን አላውቅም። ራሷን ሳትሸፍን ሲል ግን ሻሿን አውጥቼ አየሁት።

አገባሁ፣ ወለድኩ፣ እናትሽን አሳደግሁ። መስከረም በገባ ቁጥር ቅጠል ልልቀም፣ አበባ ልይ እያልኩ እዚያ እወርዳለሁ። አያትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወዳጅ ያለኝ መስሎት አንድ ጊዜ ተከትሎኝ ነበር፤ አሮጌ ሻሽ ይዤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሲያገኘኝ አፍሮ ተመለሰ። አሸዋውን ለግንባታ እያሉ በመኪና ጫኑት፤ ከእነዚህ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። በለሱም ተመነጠረ። ባለፈው መስከረም የጎረቤት ልጅ ደግፋኝ ስወርድ ወንዙ ዳር በሰው ተሞልቷል፤ መኪና የሚያጥቡ ወጣቶች፣ ሙዚቃቸው፣ የለስላሳ ጠርሙስ የሚለቅሙ ልጆች። ነጩ ድንጋይ ብቻ አለ። ተቀመጥኩበት።

ነገ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ልትወስጂኝ መጥተሻል። ቤታችሁ ሰፊ ነው፣ ሐኪሙም ቅርብ ነው፤ እናትሽ ብቻዬን ብሞት ብላ እንደማትተኛ አውቃለሁ። አሁን በላያችን ያለፈውን አውሮፕላን ስትሰሚ ሰዓትሽን አየሽ። አትቀየሚኝ፤ እኔ ከዚህ አልሄድም። አክስቴ ብትኖር መቶ ዓመት ካለፋት ቆይቷል፤ መቁጠር አልጠፋኝም። እንደማትመጣ አውቃለሁ። ግን ያኔ እሷም ምናልባት ታውቅ ነበር፤ ያም ሆኖ ሄደች።

ዳርቻዋ ባዶ በነበረች ጊዜ አክስቴ ማንም ቢቆም ታየው ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ሰው መካከል ቆማ ዙሪያዋን ብታይስ? እኔም አድጌያለሁ፤ እሷ ካሰበችው በላይ ተለውጫለሁ። ሻሹን ከሻንጣው አውጪልኝ፣ ልጄ። እሱ ካልተውለበለበ በምን ታውቀኛለች?